አኚየት አትፈርድም

እስቲ በሐቅ መልስልኝ፦ በሽማግሌ ፊት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለህ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመህ ከተነሳህ በኋላ፣ የሳምከውን ሰው በማግስቱ አይተህ ስንት ጊዜ ፊትህን አዙረሃል?

እኔ ሁለት ጊዜ አዙሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያስታረቁኝ የጁባ ሐበሾች ሽማግሌ አቶ ሠርፀ ነበሩ። ሁለቱንም ጊዜ የታረቅኩት ከአንድ ሰው፣ ከየሺጥላ ጋር ነው። የመጀመሪያው እርቅ አንድ ቀን ቆየ። ሁለተኛው ለምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰም። ሽምግልናን እየናቅኩ አይደለም፤ አባቴም አያቴም የተከበሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። የምቃወመው ቁስሉን ሳያይ የሚጠቀልለውን ሽምግልና ነው። «ማን አጠፋ? አንተ። በል ጉልበት ሳም። ጨረስን፣ ምሳ ይቅረብ።» ይህ እርቅ ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

የሺጥላና እኔ ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አለን። ከከፈትነው ዐሥራ አንድ ዓመታችን ነው። እሱ ወጥ ቤቱን ይዟል፤ እኔ እንግዳ እቀበላለሁ፣ አጫውታለሁ፣ እከራከራለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ ክርክሩ ከዚያ የተረፈኝ ነው። ሰው ወደ ቤታችን የሚመጣው ለየሺጥላ ጥብስና ለእኔ ጨዋታ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለቤቴ ሳሌም ግን ለጥብሱ ብቻ ነው ትላለች።

የየሺጥላ ሚስት ማርቲ ከስምንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ያረገዘች ጊዜ፣ እሱ ሽርጡን እንዳሰረ ከወጥ ቤት ወጥቶ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ እየሰማ፣ «ወንድ ከሆነ ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ» አለኝ። ሳሌምና እኔ ልጅ የለንም። የዚያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ከዚህ በላይ አላብራራም።

ከዚያ ተጣላን።

ማርቲ ዘጠነኛ ወሯን እንደያዘች ወንድሟ ከአዲስ አበባ ሊጠይቃት መጣ። ምሳ እኛ ዘንድ ጋበዝነው። እኔም እንደ ልማዴ እንግዳ ለማሳቅ የሮቶውን ታሪክ አወጣሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ጁባ ውስጥ ተኩስ የተነሳ ጊዜ፣ ግቢያችን ውስጥ ለጥገና የወረደ ባዶ ሮቶ ነበር፤ ያ ትልቁ ጥቁር የውኃ ማጠራቀሚያ። የሺጥላ እዚያ ውስጥ ገብቶ ከቀትር እስከ ማምሻ ተደበቀ። ሲወጣ በእጁ የወጥ ማማሰያ ይዞ ነበር። ይህን የምተርከው ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ጎብጬ፣ ማንኪያ እንደ ጎራዴ ጨብጬ ነው። ዘጠኝ ዓመት ስተርከው ሰው ያልሳቀበት ቀን የለም። የሺጥላም ይስቅ ነበር።

ያን ቀን የማርቲ ወንድም እንባው እስኪፈስ ሳቀ። የሺጥላ በወጥ ቤቱ መስኮት አየን። ጥብሱ አርባ ደቂቃ ዘገየ። ወደ መስኮቱ ሄድኩና እንግዶቹ እየሰሙ፣ «ሰው በረሃብ ሊያልቅ ነው፤ አሁንም ሮቶ ውስጥ ነህ እንዴ?» አልኩት። ሽርጡን ፈታ። አጣጥፎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ወጥቶ ሄደ።

ወንበሩ ሁሉ በሰው ተሞልቶ፣ ድስቱ እሳት ላይ ተጥዶ፣ ወጥ ቤቱን ጥሎ ሄደ። ለእኔ ጠቡ ይኸው ነበር፤ ሌላ ነገር አልታየኝም።

በማግስቱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ከእኔ ጋር ግን አይነጋገርም። እኔም አልለምነውም። በመካከላችን የነበረችው አስተናጋጃችን ሀኒ ብቻ ናት። ሦስት እርምጃ ተራርቀን ቆመን እኔ «ሀኒ፣ ለሰውዬው ሁለት ክትፎ በይው» እላለሁ። እሱ «ሀኒ፣ ቅቤ አልቋል በይው» ይላል። አንድ ቀን መካከላችን ቆመችና፣ «ሁለታችሁም ትሰማላችሁ አይደል? እኔ አስተናጋጅ ነኝ እንጂ የኔትወርክ ማማ አይደለሁም» ብላ ለራሷ ሻይ ቀድታ ተቀመጠች።

ሕፃኑ ተወለደ። ወንድ ነው። እንደምታውቁት ወንድ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ቀን ቆጣሪ ሆንኩ። በአምስተኛው ቀን አቶ ሠርፀ ጠሩንና፣ ወጥ ቤቱን ጥሎ በመሄዱ ጥፋተኛው የሺጥላ ነው ብለው አስታረቁን። ያ ሲፈርስ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን እንደገና ጠሩን። ሚዛኑ እንዲስተካከል ይመስለኛል፣ በዚህኛው ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ። ይህም ፈረሰ።

በሃያኛው ቀን ማርቲ ለሳሌም ደወለች። የሺጥላ ለክርስትናው ሌላ ሰው እያፈላለገ ነው፤ በሠላሳ አምስተኛው ቀን የመረጠውን ሰው ስም ለቄሱ ይሰጣል።

ሳሌም ስልኩን ዘግታ፣ «አኚየት ጋ ትሄዳላችሁ፤ ማርቲ የሺጥላን ታመጣለች» አለችኝ።

አኚየት ዓርብ ዓርብ እኛ ቤት ሽሮ የምትበላ ደንበኛችን ናት። ወላጆቿ በስደት ሳሉ ጋምቤላ፣ ፊኝዶ የስደተኞች ካምፕ ያደገች፣ አዲስ አበባ ሥነ ልቦና የተማረች፣ አገሯ ተመልሳ አትላባራ ሰፈር ውስጥ የምክር አገልግሎት ቢሮ የከፈተች ደቡብ ሱዳናዊት። ሳሌም ከእናቷ ጋር በስልክ በተነጋገሩ ቁጥር እየተለቃቀሱ ይዘጉ በነበረ ጊዜ፣ ለሦስት ወር አኚየት ዘንድ ተመላልሳለች። አሁን ከእናቷ ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ያወራሉ፤ እየሳቁ። እኔ ይህንን የስልክ ካርድ ብክነት ብዬ ለክርክሬ ተጠቀምኩበት። ክርክሬ አንድ ሰዓት ፈጀ። የቤትን ገመና ለባዕድ ማውጣት ነውር ነው አልኩ። አባቶቻችን ያለ ካውንስሊንግ ኖረዋል አልኩ። ሳሌም ልብስ እያጣጠፈች ሰማችኝ።

«ረታኸኝ» አለች ስጨርስ። «አሁን ጫማህን አድርግ።»

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራን። «ሊያነጋግሩን ነው» ሲባል ሁለታችንም የገባን አንድ ነገር ነበር፦ ሽምግልና። የሺጥላ አቶ ሠርፀንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትሎ መጣ። እኔ ሁለት ሽማግሌና አንድ ዋስ ይዤ ቀረብኩ፤ በተጨማሪም በእጄ የጻፍኩት ዐሥራ አራት ገጽ ክስ። ስድስት ሰው በዚያ በጁባ ሙቀት ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ጋቢው ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ጫፍ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ፣ በስድስት ቦዳቦዳ፣ በየሞተር ብስክሌቱ ጀርባ ተፈናጦ፣ አትላባራ ሲደርስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሠርግ ነው ብሎ ወጣ።

አኚየት በሩ ላይ ተቀበለችን። «ሰላም ጋሼ ናሁሰናይ። ጋሼ የሺ፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ። እነዚህ አባቶችስ?»

«ዳኞቹ ናቸው» አልኳት።

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«አንቺ ሰብሳቢ ትሆኛለሽ።»

ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። አቶ ሠርፀ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ይህ የአበሻ ጉዳይ ነው። ሁለቱንም ሰምተን ያጠፋውን እንለያለን፤ አንቺ ወንበር ብቻ ስጪን» አሏት።

«አባባ፣ ፊኝዶ ስናድግ የእኛም ሽማግሌዎች የእናንተም ሽማግሌዎች ነበሩን። በሁለቱም በደንብ ተቆጥቼ ነው ያደግኩት» አለች። «እኔ ግን አልፈርድም። ወንበር ማንጎው ሥር አለ። ሻይም ይመጣላችኋል። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

ስድስቱም እዚያው ማንጎ ሥር በነጭ ጋቢ ተደርድረው ቀሩ። እኔና የሺጥላ ገባን።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወንበርና ሲሽከረከር የሚንቀጠቀጥ ቬንትሌተር አለ። ክሴን ዘረጋሁላት። «ይህ ምንድን ነው?» አለች። «ዐሥራ አራት ገጽ ነው፤ ከአባሪዎቹ ጋር» አልኳት። «ለጊዜው ላስቀምጠው?» አለችና ስፈቅድላት አራት ላይ አጥፋ ከቬንትሌተሩ እግር ሥር ወተፈችው። መንቀጥቀጡ ቆመ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ወር ሙሉ ሲያስቸግረኝ ነበር» አለች። የሺጥላ ሳቀ። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ጊዜ ያንን ሳቅ አልሰማሁም ነበር። በእኔ ላይ መሆኑ አናደደኝ፤ መስማቴ ግን ደስ አሰኘኝ።

ሥርዓቷ ቀላል ነው። አንዱ ይናገራል። ሌላው የሰማውን መልሶ ይናገራል፤ ተናጋሪው «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ። ቀላል የሚመስለው ሰው ቤቱ ይሞክረው።

የሺጥላ ጀመረ፦ «በሰው ፊት ዝቅ አደረገኝ።»

«በሰው ፊት ዝቅ አደረገኝ ይላል፤ ነገር ግን…» አልኩ።

«ነገር ግን የለበትም» አለች አኚየት።

«ዝቅ አደረገኝ ይላል። ይህም ትክክል አይደለም።»

«ትክክል አይደለም ብሏል?»

«አላለም።»

«እንደገና።»

«እሱ እንደሚለው ከሆነ…»

«አኚየት፣ አትድከሚ» አለ የሺጥላ። «ይህን ሰው ዝናብ ነው ብትዪው ውጭ ወጥቶ በስብሶ ሲመለስ፣ ደመናው ላይ ጥያቄ አለኝ ነው የሚልሽ።»

ተራው የእኔ ሆነ። በሞላ ምሳ ጥሎኝ እንደሄደ፣ እንዴት እንደተናደድኩ ተናገርኩ። የሺጥላ ትንሽ አሰበና፣ «ጥዬህ ሄድኩ። ብቻህን ቀረህ። ፈራህ» አለ።

«ፈራሁ አላልኩም። ተናደድኩ ነው ያልኩት» አልኩ።

አኚየት ወደ እኔ ዞረች። «ፈርተህ ነበር እንዴ?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ ስጠየቅ ግን መልሱ አፌ ላይ ነበር። ፈርቼ ነበር። የማይመለስ መስሎኝ ነበር። ይህን ከመናገር ይልቅ መቆጣት ስለሚቀለኝ ተቆጣሁ። «አሁን ፍረጂ» አልኳት። «ማን ነው ያጠፋው?»

«ፍርድ ከፈለግክ ውጭ ስድስት ዳኛ ሻይ እየጠጣ ነው» አለች። «ከእኔ የምትወስዱት የቤት ሥራ ነው።»

የቤት ሥራው ይህ ነበር፦ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ አብረን እንቀመጥ። ስለ ሥራ አናውራ። ሀኒን አንላክ። በመጀመሪያው ቀን የስልኩን ሰዓት ሞልተን ዐሥሩንም ደቂቃ ዝም አልን። ስልኩ ሲጮህ እንደ ተማሪ ተሯሩጠን ተነሳን። በሁለተኛው ቀን እሱ «ሞቀ» አለ፤ እኔ «አዎ» አልኩ። ሀኒ ይህን ሰምታ ለማርቲ ደውላ እልል አለች። በአራተኛው ቀን የሺጥላ፣ «ልጁ እጄን ሲያሸት ያስነጥሰዋል» አለኝ። «ሽንኩርቱ ነው። ስታጠብ ብውል አይለቅም።»

«ስንቴ ያስነጥሰዋል?» አልኩት።

«ሦስቴ። ከዚያ ይስቃል። ማርቲ ሳቅ አይደለም፣ ገና ነው ትላለች፤ ሳቅ ነው።»

ሳቅ ነው አልኩት። ያን ቀን ስልኩ ጮኾ አልተነሳንም።

በሠላሳኛው ቀን እንደገና አትላባራ ሄድን። ሽማግሌዎቹም መጡ፤ ማንም አልጠራቸውም። ማንጎው ተስማምቷቸው ነበር፤ ጋቢውን ግን በዚህ ጊዜ ቤት ትተውታል።

የሺጥላ በዚያ ቀን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተናገረ። «የሮቶውን ታሪክ ዘጠኝ ዓመት ሰማሁት። ለእንግዳ ጨዋታ ነው ብዬ እኔም ሳቅኩ። የማርቲ ወንድም ሲስቅ ግን ልጄ ታየኝ። አድጎ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ክርስትና አባቱ ወንበር ላይ ወጥቶ በአባቱ ሲያስቅበት ታየኝ።» ወደ አኚየት ዞረ። «ደግሞ ግማሹን ነው የሚተርከው። ሮቶው ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን።»

አኚየት አየችኝ። ክሴ ከቬንትሌተሩ ሥር እንዳለ ነበር፤ በዐሥራ አራቱም ገጽ ውስጥ ስለ ሮቶው አንድ መስመር የለም።

እውነቱን ነው። ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ። ልኩን ልንገራችሁ ካልኩማ የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ቀድሜ ገብቻለሁ። የሺጥላ ድስቱን ከእሳት አውርዶ፣ ማማሰያውን እንደያዘ ከኋላዬ መጣ። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቅስ ነበር። በአንድ መዳፉ አፌን ያዘ። ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ በሹክሹክታ የዶሮ ወጥ አሠራር ያስተምረኝ ጀመር፤ ከሽንኩርቱ አከታተፍ እስከ እንቁላሉ። ሲጨርስ እንደገና ከሽንኩርቱ ጀመረ። እስኪመሽ ድረስ ምናልባት ሃያ ዶሮ ሠርተናል። ታሪኩን መጀመሪያ ስተርክ ራሴን ከታሪኩ ያወጣሁት እንዲያ ሳቁ ስለሚደምቅ ነበር። እያደር ግን እውነትም እዚያ ያልነበርኩ መሰለኝ።

«የሰማኸውን ንገረው» አለች አኚየት፣ በቀስታ።

«ሮቶው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበርን» አልኩ። «ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። የማለቅሰውም እኔ ነበርኩ። አንተ አፌን ይዘህ ዶሮ ወጥ እየነገርክ አረጋጋኸኝ። ዘጠኝ ዓመት ራሴን ደብቄ በአንተ አሳቅኩብህ። ልጅህ ይህን ከእኔ አፍ እንዳይሰማ ነው የፈራኸው።»

«ነገር ግን» አላልኩም።

የሺጥላ ጣሪያውን አየ፣ ቬንትሌተሩን አየ። «አዎ» አለ። «እሱን ነው ያልኩት።»

ከልማድ ይሁን ከምን አላውቅም፣ ወደ አኚየት ዞሬ «እሺ፣ ጥፋተኛው…» ብዬ ጀመርኩ። «አልፈርድም» አለች ሳታስጨርሰኝ። ይልቅ የሺጥላን ጠየቀችው፦ «ምን ቢሆን ደስ ይልሃል?»

«ግማሹን የተናገረው በሰው ፊት ነው» አለ። «ቀሪውንም በሰው ፊት ይናገር።»

ስንወጣ ሽማግሌዎቹ አላዩንም። ወሬ ይዘው ነበር። አቶ ሠርፀ የሻይ ብርጭቆ በእጃቸው እንደያዙ ስለ ልጃቸው ስለ ዳምጠው ይናገራሉ። ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ የአባትና የልጅ የመለዋወጫ ሱቆች ፊት ለፊት ናቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደርክ» ተባብለው አያውቁም። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ጁባ ውስጥ የለም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጥፋተኛው ዳምጠው ነው ይላሉ፤ ሦስቱ አይ፣ እርስዎ ነዎት ይላሉ። ሁሉም ፈረደ እንጂ ምን እንደተሰማቸው ማንም አልጠየቃቸውም። አቶ ሠርፀ ሻዩን ሳይጠጡት ቀዝቅዞ ነበር።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን የሺጥላ ለቄሱ የእኔን ስም ሰጠ።

አርባኛው ቀን እሑድ ዋለ። ቄሱ ልጁን ከውኃው አውጥተው እጄ ላይ ሲያስቀምጡት ነጠላዬን አረጠበው፤ በጸበሉ አልነበረም። ግብዣው ምግብ ቤታችን ውስጥ ሆነ። ሰው በልቶ ሲጨርስ ሕፃኑን ለሳሌም ሰጥቼ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ማማሰያውን አምጥቶ የሰጠኝ ራሱ የሺጥላ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ማን ቀድሞ እንደገባ፣ ማን እንዳለቀሰ። ከዚያ «ሽንኩርቱን በደንብ አድቅቀህ፣ ያለ ዘይት፣ በዝግታ እሳት…» ስል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንደ ድሮው ሳቅ አልነበረም። የሺጥላ ግድግዳ ይዞ ሳቀ፤ ዐሥራ ሁለቱን ብልት ስቆጥር አንዱን ስረሳ ከግድግዳው ሆኖ «ፈረሰኛ!» ብሎ አረመኝ። ማርቲ ለወንድሟ በቪዲዮ እያሳየችው ነበር።

ወርጄ ሕፃኑን ተቀበልኩ። ደረቴ ላይ ተኛ። ያኔ አቶ ሠርፀ ተነሱና፣ «እነዚህን ሰዎች ያስታረቅናቸው እኛ ሽማግሌዎች ነን። የቤት ገመና ወደ ቢሮ ይዞ መሄድ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይለምደው» ብለው ተናገሩ። ተጨበጨበላቸው። አኚየት ጥግ ተቀምጣ አብራ አጨበጨበች። እኔ ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት የሺጥላ ከኋላ መዳፉን አምጥቶ እንደዚያን ጊዜው አፌን ያዘኝ።

«ልጁ ተኝቷል» አለ።

ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ልጁ ነቅቷል፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

አቶ ሠርፀ፣ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ በሰው ፊት መልሻለሁ። ተራው የእርስዎ ነው። በክርስትናው ዕለት ዳምጠው ስጦታ ይዞ መጥቶ፣ እርስዎ ግብዣውን ጨርሰው እስኪወጡ ድረስ በር ላይ ቆሞ ነበር። አየሁት፤ እርስዎም አይተውታል። አኚየት አትፈርድብዎትም። ማንጎው ሥር እኔና የሺጥላ ሻያችንን ይዘን እንጠብቅዎታለን፤ ጋቢ አንለብስም። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በምእመናኑ ሁሉ ፊት ቆመው ይመልሱልኝ፦ ከዳምጠው ጋር አትላባራ የሚሄዱት መቼ ነው?